ሦስት ወር አልኳት

ደንቧን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ መስመር ናት፤
ጅማ መናኸሪያ፣ ከትኬት መስኮቱ ጀርባ፣
ጣሪያው በሚያፈስባት ክፍል ጻፍኳት፦
«ዘጠና ቀን የሞላው ሰነድ በራሱ ይጥፋ።»

ምክንያት ነበረኝ። ፍለጋው ታንቆ ነበር፤
«ጃንጥላ» ብሎ ለጠየቀ
የካቻምና ጃንጥላ ሁሉ ይመጣል፣
ባለቤቱ ረስቶት ሌላ የገዛ።
የአጋሮ ሻንጣ፣ የሊሙ ማዳበሪያ ከረጢት፣
የግራ እግር ጫማ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣
የጠፋ በግ ሳይቀር፣ ተበልቶ ያለቀ።
ማሽን እንደ ሰው አይደለም፣
ካላስተማሩት አይረሳም።
አስተማርኩት።
አለቃዬ አቶ ሸረፋ «ጎበዝ» አለኝ።

በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
አዌቱ ከድልድዩ ሥር ብቻውን ሲያወራ፣
ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነሣል፣
ቀን ይቆጥራል፣ የሞላውን ያነሣል፣
መልሶ ይተኛል።
ለቅሶ የለው፣ ሠልስት የለው፤
ጠዋት ስገባ አንዲት ቁጥር ትጠብቀኛለች፦
«የተሰረዙ፦ አሥራ አራት።»

ወይዘሮ ከመርያ ከዴዶ የመጣችው ጥር አምስት ነው።
እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ፦
ነዚፍ አባጌሮ። ዕድሜ አሥራ ስድስት።
ቁመቱ እስከ በሩ መቀርቀሪያ።
ቅንድቡ ላይ የማጭድ ጠባሳ።
አረንጓዴ ሹራብ፣ ክርኑ የተጣፈ።
ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም።
ለዚህችኛዋ ቦታ አልነበረም፤
«ሌላ» ከሚለው ሥር ወሸቅኳት።

«እስከ መቼ ይቆያል?» አለች።
ዘጠና ቀን ማለት ነበረብኝ።
ቀን ማስቆጠሩ ከብዶኝ፣
ወይ ምሳ ሰዓት ደርሶብኝ፣
«ሦስት ወር» አልኳት፣
«ሳይሞላ መጥተሽ አሳድሺው።»

ሚያዝያ አራት መጣች፣ አንድ ቀን ቀደም ብላ።
ሐምሌ ሦስት መጣች፣ አንድ ቀን ቀደም ብላ፣
ጭቃው እስከ ጉልበቷ።
«አሳድስልኝ» ትላለች፣ እንደ መታወቂያ።
አንዲት ቁልፍ እጫናለሁ፤
ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

ከዚያ ጳጉሜ ገባች።
ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፣ የቤት ኪራይ የላትም፤
ሰው ከወር አይጥፋት፣ ከቀንም አይጥላት፣
በዝናብ ታጥቦ ያልፋታል።
ማሽኑ ግን ቆጠራት፣
አምስቱንም፣ አንድ በአንድ።

ጥቅምት ሁለት መጣች፣ አንድ ቀን ቀደም ብላ።
«አሳድስልኝ።»
ነዚፍ ብዬ ጻፍኩ። ናዚፍ ብዬ ሞከርኩ።
«ምንም አልተገኘም።»
መስከረም ሃያ ስምንት ሌሊት ሄዷል፣
በሁለት ሻንጣና በአንድ ጃንጥላ መሃል።

ስክሪኑ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። አልነገርኳትም።
በቃሌ ጻፍኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
መቀርቀሪያውን፣ ማጭዱን፣ ክርኑን።
«አሥራ ስድስት» ስል
«አሥራ ሰባት በለው» አለችኝ፣ «መስከረም ጠብቷል።»

ከሄደች በኋላ የፍለጋውን መዝገብ ከፈትኩ።
መስከረም ሠላሳ። ሚዛን ጣቢያ። አምስት ሰዓት ከሩብ።
ነዚፍ፦ ምንም።
ነዚፍ ዴዶ፦ ምንም።
አረንጓዴ ሹራብ፦ ምንም።

ነዚፍ ብዙ ነው። አረንጓዴ ሹራብም ብዙ ነው።
ሚዛን ደወልኩ፤ ልጁ «ስንት ሰው ይመጣል ጋሼ» አለኝ።
ይሄ መዝገብም በሠላሳ ቀኑ ይጠፋል፤
ያቺንም ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ።
በትኬት ጀርባ በእስክሪብቶ ገለበጥኩት።

ደንቧን ከፈትኳት። ብዙ አየኋት።
ዘጠናውን አጥፍቼ
ዘጠና አምስት ጻፍኩ።

ስልክ የላትም። የምትመለሰው ጥር አንድ ነው።
ትኬቷ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ናት፣ ቀለሟ በላብ እየፈዘዘ።
ጠዋት ጠዋት ከመስኮቴ ሥር
ወያላው ይጮኻል፦
ዴዶ፣ ዴዶ፣ ዴዶ፣
አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!